የፊት ሾክ ዘይት ሲያፈስ፦ ቤት ውስጥ ፈታችሁ የምትሠሩበት መንገድ

የሞተር ሳይክል የፊት ሾክ ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር ነገሩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ጋራዥ ይኬዳል፣ «ሲሉ ሄዷል» ይባላል (ሲል ማለት በቱቦው ዙሪያ ተቀምጦ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው)፣ አዲስ ሲል ይገባል። ትንሽ ቆይቶ ዘይቱ እንደገና ይወርዳል። ከዚያ «ሲሉ ፎርጅድ ነበር» ይባላል። አንዳንዴ እውነትም ፎርጅድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ሲሉ ላይ ሳይሆን በሲሉ ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ የሚውለው ክሮም ቱቦ ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ በጥፍሩ ዳስሶ ያየው ሰው የለም። ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ቱቦውን ሳታዩ ሲል አትግዙ።

የምጽፈው ስለ ተራው ሾክ ነው። ቀጭኑ ክሮም ቱቦ ከላይ፣ ወፍራሙ የአልሙኒየም ቀፎ ከታች የሆነው። ቦክሰሩም፣ ቲቪኤሱም፣ የመሥሪያ ቤቶቹ ያማሃ ኤጂ እና ዲቲም፣ ሆንዳ ኤክስኤልም አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው፤ አንዱን የፈታ ሌላው አይከብደውም። ተገልብጦ የተሠራው፣ ማለትም ወፍራሙ ላይ ቀጭኑ ታች የሆነው፣ የራሱን መሣሪያ ስለሚፈልግ እሱን እንተወው።

ውስጡ ያለው ነገር ብዙ አይደለም። ረጅም ሞላ አለ፣ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ከታች ወደ ላይ የቆመ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዘንግ አለ፣ ዘይቱ በነዚያ ቀዳዳዎች እየተጨነቀ ሲያልፍ ሞላው እንዳይፈናጠር ይይዘዋል። ከላይ ትንሽ አየር አለ። ሲሉ ደግሞ ዘይቱን ውስጥ ያስቀራል። በቃ ይሄው ነው። ዘይቱ ካለቀ ሞላው ብቻውን ይቀራል፣ ያኔ ኮብልስቶን ላይ ፊቱ ይዘላል፣ ፍሬን ስትይዙ አፍንጫው ይደፋል፣ ጉድጓድ ስትገቡ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማችኋል።

ከመፍታታችሁ በፊት

ቱቦውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፣ የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሞተሩን ደጋግማችሁ ወደ ታች ተጫኑት፣ ከዚያ እዩት። ቀጭን የዘይት ፊልም ብቻ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ሲሉ ራሱ ትንሽ ማለስለሻ ይፈልጋል። ቀለበት ሠርቶ የሚጠራቀም ወይም የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ያፈሳል ማለት ነው።

ሲያፈስም ወዲያው ቁልፍ አታንሱ። የዝናብ ወቅት ከሆነ ወይም አቧራ መንገድ ላይ የምትውሉ ከሆነ ሲሉ ከንፈር ሥር አሸዋ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አሮጌ የራጅ ፊልም ፈልጉ፣ የማንም ቤት አይጠፋም። ጣት በሚያህል ስፋት ቁረጡትና ጫፉ ላይ በጎን በኩል ትንሽ መንጠቆ አውጡለት። የአቧራውን ጎማ (ከሲሉ በላይ ሆኖ አቧራ የሚከላከለውን) በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ከቀፎው አላቁትና ቱቦው ላይ ወደ ላይ ግፉት። ፊልሙን በቱቦውና በሲሉ መካከል ወደ ታች አስገቡ፣ ዙሪያውን አዙሩት፣ ከዚያ መንጠቆው ቆሻሻውን ይዞ እንዲወጣ ሳቡት። ጥቁር ቅባትና ደቃቅ አሸዋ ሲወጣ ታያላችሁ። ጠርጋችሁ ድገሙት። ስንቱ ሾክ በዚህ ብቻ ማፍሰሱን አቁሟል።

አንድ ቀልድ የሌለበት ነገር አለ። ዘይቱ ወርዶ ዲስኩ ላይ ወይም የፍሬን ሸራው ላይ ከደረሰ አትንዱት። ዲስኩ በፍሬን ማጽጃ ይጸዳል፣ ዘይት የጠጣ ሸራ ግን ቢታጠብም ቢጠበስም አይመለስም፣ ይቀየራል። የከበሮ ፍሬን ያለው ሞተር እዚህ ላይ ትንሽ ዕድለኛ ነው።

የሚያስፈልገው

ሁለት ኦይል ሲል፣ ሁለት የአቧራ ጎማ፣ የሾክ ዘይት፣ ለታችኛው ቡሎን የመዳብ ሮንዴላ። አንዱ ብቻ ቢያፈስም የሁለቱንም ቀይሩ፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ ሁለት ጊዜ መፍታት ደግሞ ማን ይወዳል። ሲል ስትገዙ ቁጥሩን እዩ፦ የውስጥ ዲያሜትር፣ የውጭ ዲያሜትር፣ ውፍረት። አሮጌው ላይም ተጽፏል። «የዚህ ሞተር ነው» የሚል ሻጭ ቢምልላችሁም ሦስቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ አትውሰዱ።

ከመሣሪያ ተራ ቁልፎች፣ ረጅም ኤለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎኑ፣ ለታችኛው ቡሎን፣ ብዙዎቹ ላይ 6 ወይም 8 ቁጥር ነው)፣ ቀጭን ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ማስመሪያ፣ ትልቅ ሲሪንጅ ከቀጭን ላስቲክ ጋር። ለዘይት መለኪያ የሕፃን ጡጦ የሚያህል ነገር የለም፣ ሚሊ ሊትሩ ተጽፎበታል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለሕፃን አይመለስም።

መፍታት

ሞተሩን በመሀል መቆሚያው አቁሙትና ከሞተሩ ሆድ ሥር ክሪክ ወይም ጠንካራ እንጨት አድርጉለት። ቤታችሁ ወራጅ እንጨት ካለው መሪውን ከላይ በገመድ ማሰር ከሁሉም ይሻላል። ጎማው ከወጣ በኋላ ሞተሩ ወደ ፊት ቢደፋ እግር ይሰብራል፣ ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ነቅንቃችሁ ፈትኑት።

አሁን ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቁ፣ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ሾኩ ገና ሞተሩ ላይ ተይዞ ሳለ ሦስት ነገር አላሉ፦ የጎማውን አክስል፣ የላይኛውን ክዳን እና ከታች በቀፎው ቂጥ ያለውን የኤለን ቡሎን። አላሉ አልኩ እንጂ ፍቱ አላልኩም። ክዳኑን ከማላላታችሁ በፊት የላይኛው ማቀፊያ (ከመሪው ሥር ሾኩን አቅፎ የሚይዘው ብረት) ላይ ጨምቆ የሚይዝ ቡሎን ካለ መጀመሪያ እሱን ፍቱ፣ አለበለዚያ የክዳኑን ጥርስ ትበላላችሁ። የታችኛው ኤለን ቡሎንም አሁን የሚላላበት ምክንያት አለው። ሞላው ውስጡን ዘንግ ተጭኖ ይዞታል፣ ስለዚህ ዘንጉ አብሮ አይዞርም። ሞላው ከወጣ በኋላ ግን ቡሎኑን ስታዞሩ ዘንጉም አብሮ ይዞራል፣ እናንተም አብራችሁ ትዞራላችሁ።

ከዚያ ጎማውን አውጡ። ካሊፐሩን (የዲስክ ፍሬኑን ሸራዎች የያዘውን ክፍል) ፍቱና በሽቦ ከሞተሩ ጋር ስቀሉት፣ በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። በሸራዎቹ መካከል ቀጭን እንጨት አስገቡ፣ ምክንያቱም ሰፈር ውስጥ ፍሬን ሳይጨብጥ የሚያልፍ ልጅ የለም። ፓራፋንጎውን አንሱ። ቱቦው ከላይኛው ማቀፊያ በላይ ምን ያህል እንደወጣ በማስመሪያ ለኩና ጻፉት፣ ወይም ፎቶ አንሱት። አሁን የታችኛውን ማቀፊያ ቡሎን አላሉና ሾኩን እያዞራችሁ ወደ ታች ሳቡት። ዝጎ ከያዘ ዘልቆ የሚገባ ዘይት አጠጡትና ጠብቁት፣ በመዶሻ አትምቱት።

ክዳኑን ስትፈቱ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ። ሞላው ተጨምቋል፣ ክዳኑ ሲለቅ ይፈናጠራል። በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ በመዳፍ ተጭናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይኛው ቡሎን ሲወጣ ከሥሩ ሌላ ክዳን በሽቦ ቀለበት ተይዞ ታገኛላችሁ። ክዳኑን በወፍራም ካቻቢቴ እጀታ ወደ ታች ተጫኑት፣ ሌላ ሰው ቀለበቱን በቀጭን ካቻቢቴ ያውጣው። ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ጥሩ ዕድል አለ። አንዱ ሾክ ካላፈሰ ዘይቱን ከመድፋታችሁ በፊት ለኩት። ሞላውን አውጡ፣ ሾኩን አቁማችሁ ቱቦውን እስከ ጥጉ ወደ ቀፎው አስገቡ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ድረስ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ጻፉ። ማኑዋል ለሌለው ሰው ይሄ ቁጥር መነሻ ይሆነዋል። ካፈሰው ሾክ የምታገኙት ልኬት ግን ለምንም አይጠቅምም።

ሞላው ሲወጣ የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደነበር ልብ በሉ፣ ብዙዎቹ በአንድ በኩል ጠበብ ብለው የተጠመጠሙ ናቸው። ዘይቱን ጠርሙስ ውስጥ ድፉት፣ ቱቦውን እየገፋችሁና እየሳባችሁ ጨርሱት። ደግሞ እዩት። ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ግራጫ ሆኖ ብርሃን ላይ ብልጭ ብልጭ ካለ ብረት እየተበላ ነው። ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ የሞተር ዘይት የሚቀበል ጋራዥ ይህንንም ይቀበላል።

የታችኛውን ቡሎን አሁን ጨርሳችሁ አውጡ። አልፈታ ብሎ ዘንጉ አብሮ ከዞረ የመጥረጊያ እንጨት ጫፉን አሹሉትና በቱቦው ውስጥ አስገብታችሁ ዘንጉ አናት ላይ አጥብቃችሁ ተጫኑት። እንጨቱ ይነክሰዋል፣ ሌላው ሰው ከታች ይፈታል።

የአቧራውን ጎማ አንሱ፣ ከሥሩ ያለውን ሽቦ ቀለበት በቀጭን ካቻቢቴ ከጎድጓዳው አውጡ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። አንዳንዱ ቱቦ ዝም ብሎ ተስቦ ይወጣል፣ ሲሉ ቀፎው ውስጥ ይቀራል። ያኔ የቀፎው ከንፈር ላይ እንጨት አድርጋችሁ ሲሉን በካቻቢቴ ፈንቅሉት፣ አልሙኒየሙን ከጫራችሁት አዲሱ ሲል በጭረቱ በኩል ያፈሳል። ሌላው ደግሞ ቡሽ (ቱቦው የሚንሸራተትበት የብረት ቀለበት) አለው፣ ቱቦውን ወደ ውስጥ ገፍታችሁ በኃይል ደጋግማችሁ ስትስቡት ሲሉና ቡሹ አብረው ይወጣሉ።

አሁን ቱቦውን እዩ

ሥራው ሁሉ ለዚህ ነበር። ቱቦውን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ሲሉ በሚመላለስበት ቦታ፣ ማለትም ከቀፎው አፍ ወደ ላይ ባለው አንድ ስንዝር ገደማ ላይ፣ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ታያላችሁ? ጥፍራችሁን ከላይ ወደ ታች ጎትቱበት። ጥፍሩ ከተያዘ ሲሉም ይያዛል። የሴት ስቶኪንግ ቁራጭ ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ይነግራችኋል፣ ጥፍር ያላገኘውን ክሩ ያገኘዋል። የዝገት ነጥብ ከሩቅ አቧራ ይመስላል፣ ከቅርብ ሲታይ ግን ዙሪያው ስለት ያለው ጉድጓድ ነው፣ እያንዳንዱ ግፊት የሲሉን ከንፈር በዚያ ስለት ላይ ያሳልፈዋል።

ነጥቦቹ ከሲሉ መንገድ በላይ፣ ማቀፊያዎቹ አካባቢ ከሆኑ አያሳስቡም። በመንገዱ ላይ ከሆኑና ጥቂት ከሆኑ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሳችሁ ስለቱን ብቻ አንሱለት፣ ከዚያ በ2000 ጨርሱት። እጃችሁ በቱቦው ዙሪያ ይሂድ፣ ወደ ላይና ወደ ታች አይሂድ፤ ቁመቱን የተከተለ ጭረት ለዘይት መውጫ ቦይ ነው። ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ካለ ባለሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ሞልታችሁ ከደረቀ በኋላ እኩል አስተካክሉት። ይሄ ጊዜ ይገዛል እንጂ ጥገና አይባልም። ዝገቱ ከበዛ ወይም ክሮሙ ተልጦ ከተነሳ ቱቦ መግዛት ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ቀጥሎ መታጠፉን። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልሉት። በሥሩ ብርሃን ብልጭ እያለ ከታየ ታጥፏል። ብዙ ማኑዋሎች ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ የታጠፈውን ቀይሩ ይላሉ። «በፕሬስ አቃናዋለሁ» የሚል ባለሙያ አይጠፋም፣ እኔ ግን አንዴ የታጠፈን የፊት ቱቦ ተማምኜ ቁልቁለት አልወርድም።

ቡሽ ካለው ግራጫው ሽፋን ተበልቶ መዳቡ በአብዛኛው ገጹ ላይ ከታየ ቀይሩት። ሁለቱን ሞላዎች ጎን ለጎን አቁማችሁ ቁመታቸውን አስተያዩ፣ አንዱ ካጠረ ሁለቱም ይቀየሩ።

መግጠም

ሁሉንም በነጭ ጋዝ እጠቡ። ቤንዚን ለዚህ አይሆንም፣ እሳቱም አለ፣ ጎማውንም ይጎዳል። ቀፎው ሥር የሚቀረውን ዝቃጭ በእንጨት ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ አውጡት፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቀረች ሥራችሁ ከንቱ ነው።

ከዘንጉ ጋር የወጣችውን ትንሿን ሞላ መልሳችሁ ዘንጉ ላይ አድርጉ፣ ዘንጉን በቱቦው አፍ ጣሉት፣ በታች ሲወጣ ጫፉ ላይ ያለችውን ሾጣጣ ቁራጭ አልብሱት፣ ከዚያ ወደ ቀፎው አስገቡት። ይቺ ቁራጭ በትጥበት ጊዜ የምትረሳው ናት፣ ሾኩ ጥጉ ላይ ሲደርስ እንዳይጋጭ የምታደርገው እሷ ናት። የታችኛውን ቡሎን በአዲስ የመዳብ ሮንዴላና በጠብታ ሰማያዊ ሎክታይት (ቡሎን እንዳይላላ የሚይዝ ሙጫ) እሰሩት። አብዛኛውን ጊዜ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ጡንቻ ማሳያ አይደለም። አዲስ ሮንዴላ ካጣችሁ አሮጌውን እሳት ላይ አቅልታችሁ ውሃ ውስጥ ጣሉት፣ መዳቡ ይለሰልሳል፣ እንደገና ይሠራል።

ለሲሉ የቱቦውን አፍ በቀጭን ፌስታል ሸፍኑና በሾክ ዘይት አርሱት፣ የቱቦው ጠርዝ አዲሱን ከንፈር እንዳይቆርጥ። ቡሽ ካለ እሱ ይቅደም። ሲሉ ጽሑፉ ወደ ላይ፣ ቀጭኗ ሞላ ያለችበት ጎን ወደ ታች ወደ ዘይቱ ይሁን። ለመምታት ልኩ የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ይበቃል፣ አሮጌው ሲል በአዲሱ ላይ ተደርቦ ከመካከል ቢገባ ደግሞ የተሻለ። ዙሪያውን እኩል፣ ቀስ እያላችሁ ምቱ። የሽቦ ቀለበቱ ጎድጓዳ ሙሉ ዙሪያው ሲታይ ደርሷል፣ ድምፁም ይለወጣል። ቀለበቱን አስገቡ፣ በጣት ሞክሩት፣ ከዚያ የአቧራውን ጎማ።

ዘይቱ

በየሰፈሩ የሚፈጸመው ትልቁ በደል እዚህ ነው። የሞተር ዘይት፣ ሃያ ሃምሳው፣ ይሞላና «ጠንከር ይላል» ይባላል። ይጠነክራል፣ ግን ኮብልስቶን ላይ ሾኩ ለመመለስ ጊዜ ያጣና እጃችሁን ያደነዝዛል። ለትንንሽ ሞተሮች የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 ደብሊው የሾክ ዘይት ነው፣ ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ይነግራል። ካጣችሁ ቀዩ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሠራል፣ ሆንዳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለብዙ ሞተሮቹ ያዝዝ የነበረው ይህንኑ ነው። የየፋብሪካው «10» እኩል ስላልሆነ ግን ግራና ቀኙን ከአንድ ጠርሙስ ሙሉ።

ሞላው ሳይገባ ዘይቱን ሙሉ፣ ቱቦውን በዝግታ እየሳባችሁና እየገፋችሁ አየሩ አረፋ ሠርቶ እስኪያልቅ አጫውቱት፣ ትንሽ አስቀምጡት። ከዚያ እስከ ጥጉ አስገብታችሁ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ለኩ። ከልኩ ትንሽ አብዝታችሁ ሙሉና ትርፉን በሲሪንጁ ሳቡ፣ ላስቲኩ ላይ የልኩን ቦታ በፕላስተር ምልክት ካደረጋችሁ ራሱ ያቆማል። በጡጦ የለካችሁት መጠን መጀመሪያ ነው፣ የሚወስነው ግን ከፍታው ነው፣ ቀፎው ውስጥ የሚቀረው አሮጌ ዘይት ሁሌም አንድ አይደለምና። ዘይት ሲበዛ አየሩ ያንሳል፣ ሾኩ ይደርቃል፣ ትልቅ ጉድጓድ ላይ ግፊቱ አዲሱን ሲል ይገፋዋል። ሲያንስ ጥጉን ይመታል። የግራና የቀኝ ልዩነት ደግሞ የማይታለፍ ነው።

ሞላውን፣ ሮንዴላውን፣ ማራዘሚያ ቱቦ ካለው እሱን አስገቡና ክዳኑን በእጅ ጀምሩት። ክዳኑን ማጥበቅ ሾኩ ማቀፊያው ላይ ከታሰረ በኋላ ይሁን።

መመለስ

ሾኩን እያዞራችሁ ወደ ላይ አስገቡ፣ በጻፋችሁት ልኬት አቁሙት። የታችኛው ማቀፊያ ይጠብቅ፣ ቀጥሎ ክዳኑ፣ በመጨረሻ የላይኛው ማቀፊያ። ፓራፋንጎውንና ጎማውን መልሱ፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ጥርስ ከቦታው መግባቱን እዩ። አክስሉን አጥብቁ፣ በአክስሉ ጫፍ ቀፎውን የሚጨምቅ ቡሎን ካለ ግን አላልታችሁ ተዉት። ሞተሩን መሬት ላይ አውርዳችሁ፣ ፍሬን ይዛችሁ፣ ፊቱን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ሁለቱ የሾክ እግሮች ራሳቸው ይስተካከላሉ፣ ያኔ ያንን ቡሎን እሰሩት። ይህ ከተዘለለ ሾኩ እየተያዘ ይሄዳል፣ ሰውም ዘይቱን ይወቅሳል።

ከመንዳታችሁ በፊት የፍሬኑን እጀታ ደጋግማችሁ ጨብጡ። ካሊፐሩ ከተፈታ በኋላ የመጀመሪያው ጭበጣ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ያንን በር ላይ ቆማችሁ እንጂ መስቀለኛ መንገድ ላይ አትወቁት።

ለቆላና ለደጋ ነጂዎች አንድ ነገር፦ ሰመራ ላይ የተዘጋ ሾክ ደጋ ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር ከውጭው ይበልጥ ይገፋል። ከደረሳችሁ በኋላ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ፣ የላይኛው ማቀፊያ ላይ ጨማቂ ቡሎን ካለ እሱን አላልታችሁ፣ ክዳኑን ትንሽ ፈታ፣ ፍስስ ሲል መልሶ ጥብቅ ማድረግ ይበቃል፣ ክዳኑ በሽቦ ቀለበት የተያዘ ከሆነ ግን ተዉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ማታ ማታ ቱቦውን ጥረጉና ጠዋት እዩት፣ ማቀፊያዎቹንና አክስሉን በቁልፍ ዳስሱ። ስስ ፊልም መጀመሪያ ላይ ያለ ነው። ቀለበቱ በአንድ በኩል ብቻ፣ ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ ከታየ ግን ቱቦውን እዚያው ላይ በጥፍራችሁ እንደገና ፈልጉት።